ተጓዥ ነርስ፤ ሥራዋና ኑሮዋ

ነርስ የተባለ እንደ ሆነ ብዙዎቻችን የምናስበው ነጭ ልብስ ለብሳ በሆስፒታል አልጋዎች መካከል የምትመላለሰውን ሴት ነው። እኔ በዚህ ጽሑፍ ላስረዳ ያሰብሁት ግን ሕመምተኛው እስኪመጣላት ሳትጠብቅ፥ መድኃኒቷን ይዛ ራሷ ወደ ሕመምተኛው ስለምትሄደው ነርስ ነው። በዚህ ሙያ የተሠማሩ ወንዶችም ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን «እርሱ ወይም እርሷ» እያሉ መጻፍ አንባቢን ስለሚያሰለች በሴት አንቀጽ እጽፋለሁና ወንዶች ጓደኞቼ እንዳይቀየሙኝ እለምናለሁ።

ይህን ርእስ የመረጥሁበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው ተወልጄ ያደግሁት በቦሩ ሜዳ መሆኑ ነው። ቦሩ ሜዳ ሲባል የታሪክ መምህራችን ቶሎ የሚያነሡት ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1870 ዓ.ም. ያደረጉትን የሃይማኖት ጉባኤ ነው፤ ለኛ ለሰፈሩ ልጆች ግን ቦሩ ሜዳ ማለት ሆስፒታሉ ነው። ሁለተኛው ምክንያት፥ በዚህ ዓመት የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ትምህርቴን ስለምጨርስ «ነርስነት ልማር» ብዬ ባነሣሁ ጊዜ በቤታችን የተነሣው ክርክር ነው። ስለ ክርክሩ ከዚህ በታች እመለስበታለሁ።

ለመሆኑ ነርስ ለምን ትጓዛለች? መልሱን ከመጽሐፍ ከመፈለግ በፊት አገራችንን መመልከት ይበቃል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። ሐረጎን ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ ከፍታው ወደ 1,850 ሜትር ገደማ ይቀንሳል፤ ወደ ባቲ ስንቀጥል ደግሞ ቆላው ይጀምራል። በዚህ አጭር መንገድ ላይ አየሩ ብቻ ሳይሆን በሽታውም ይለዋወጣል። በብርዱ አገር ልብስ ስለሚደራረብ በቅማል የሚተላለፈው ግርሻ ሲያሰጋ፥ በቆላው ወባ አለ። በስተ ምዕራብ ደግሞ የበሽሎ ሸለቆ አለ። ከማዶ ያለው መንደር በዐይን ይታያል፤ ለመድረስ ግን ገደሉን ወርዶ እንደ ገና መውጣት ግድ ነው።

እንዲህ ባለው አገር ሕመምተኛ የሚጓጓዘው በቃሬዛ ነበር፤ መኪና በማይገባበት ዛሬም በዚሁ ነው። በኛ በወሎ ይህን ሸክም የሚሸከመው ቅሬው ነው። ቅሬ ሬሳ ለመቅበር ብቻ የተቋቋመ የሚመስለው ሰው ካለ ተሳስቷል፤ የታመመውንም ተሸክሞ ሐኪም ቤት የሚያደርሰው እርሱው ነው። እስቲ በሒሳብ እንመልከተው። አንድ ቃሬዛ ለመሸከም ስምንት ጐልማሶች ይውጡ እንበል፤ አራቱ ሲሸከሙ አራቱ ያርፋሉ። መንገዱ የአንድ ቀን ቢሆን፥ መመለሻው ሲጨመር ዐሥራ ስድስት የሥራ ቀን ይሄዳል። ይህ የሚሆነው ለአንድ ሕመምተኛ ነው፤ ወቅቱም የእርሻ ወይም የአጨዳ ከሆነ ጉዳቱ ይበዛል። ነርሷ ወደ መንደሩ ብትሄድ ግን የሚጠፋው የአንድ ሰው ሁለት ቀን ሲሆን፥ ደርሳ የምታየው ሕመምተኛ ደግሞ አንድ ብቻ አይሆንም። በእርግጥ ምጥ የጠናባትን እናት ወይም አንጀቱ የተጠመዘዘውን ሰው ነርሷ በመንደር ልታድን አትችልም፤ እነዚህ ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለባቸው። የምትረዳው በጊዜ ለይታ «ዛሬውኑ ይሂዱ» በማለቷ ነው።

የነርስ ጉዞ በዓለም ታሪክ አዲስ ነገር አይደለም። የዘመናዊ ነርስነት መሥራች የምትባለው እንግሊዛዊቷ ፍሎረንስ ናይቲንጌል ዝናዋ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1854 ሠላሳ ስምንት ሴቶች አስከትላ ባሕር ተሻግራ በክሪሚያ ጦርነት የቆሰሉትን ወታደሮች ለማስታመም ወደ ቱርክ አገር በሄደች ጊዜ ነው። በዛሬው ዘመን በአሜሪካ «ተጓዥ ነርስ» የሚለው ስም የታወቀ የሥራ መደብ ሆኗል። ነርሷ ከአንድ አገናኝ ድርጅት ጋር ውል ትዋዋላለች፤ ውሉም ብዙውን ጊዜ ለዐሥራ ሦስት ሳምንት ነው። ነርስ ወደ ጐደለበት ሆስፒታል ሄዳ ትሠራለች፤ የቤት ኪራይ ይታሰብላታል፤ ውሉ ሲያልቅ ወደ ሌላ ከተማ ትዛወራለች። ደመወዟ ከቋሚዋ ነርስ ይበልጣል፤ በተለይ የኮሮና ወረርሽኝ በበረታበት እ.ኤ.አ. በ2020 እና በ2021 ክፍያው እጅግ ንሮ ነበር። ከአገራችን ሄደው በዚያ በነርስነት የሚኖሩ ብዙ ስለ ሆኑ ይህ ዜና ለወላጆቻችን እንግዳ አይመስለኝም። ነገር ግን አንድ ልዩነት ልብ ማለት ይገባናል። የአሜሪካዋ ተጓዥ ከሆስፒታል ወደ ሆስፒታል ነው የምትሄደው፤ የኛዋ ከሆስፒታል ወደ ጐጆ ነው። የጉዞው ስም አንድ ይሁን እንጂ ሥራው አንድ አይደለም።

በኢትዮጵያ የቀይ መስቀል ማኅበር የተቋቋመው ጣልያን ሊወረን ሲዘጋጅ፥ ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ነው። ጦርነቱ በተነሣ ጊዜ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ሐኪሞችና ነርሶች ድንኳናቸውን ጭነው ሠራዊቱን ተከተሉ። የኛይቱ ደሴም የዚህ ታሪክ ምስክር ናት፤ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣልያን አውሮፕላኖች ከተማዋን ሲደበድቡ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል ሳይቀር ተመትቷል። በስደቱ ዘመን ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በሎንዶን በታወቀው የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምረው ተመረቁ። የንጉሠ ነገሥት ልጅ ሆነው የበሽተኛ አልጋ ማንጠፋቸው በዚያ ጊዜ ለሰሚው የሚደንቅ ነበር። ከነጻነት በኋላ ትዳር ይዘው ወደ ወለጋ ሄዱ፤ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ገና በወጣትነታቸው በዚያው በወሊድ ምክንያት ዐረፉ። ነርስ የነበሩት ልዕልት የሞቱት ብዙዎቹ የባላገር እናቶቻችን በሚሞቱበት ሞት መሆኑን ሳስብ ይከነክነኛል።

ተጓዥ ነርስን በትምህርት ደረጃ ያቋቋመው ግን በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጐንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነው። ኮሌጁ የጤና መኰንን፥ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ጥበቃ ባለሙያ በአንድነት እያሠለጠነ በቡድን ወደየጤና ጣቢያው ይልክ ነበር። ነርሷ መንደር ወርዳ ነፍሰ ጡሮችን እንድታይ፥ ሕፃናትን እንድትመዝን፥ ስለ ንጽሕና እንድታስተምር ከመጀመሪያው ታስቦ የተቀረጸ ትምህርት ነበር። ጊዜውም የሚያስፈልግበት ነበር፤ በ1950 እና በ1951 ዓ.ም. በደጋውና በወይና ደጋው የተነሣው የወባ ወረርሽኝ 150,000 ያህል ሰው እንደ ፈጀ ይገመታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ስለዚህ ሙያ ሳነብና ባለሙያዎችን ስጠይቅ አንድ ነገር ታየኝ፤ ይኸውም በሽታዎች አንድ ጉዞ የሚበቃቸውና ምልልስ የሚሹ ተብለው በሁለት ሊከፈሉ እንደሚችሉ ነው። ይህ አከፋፈል የኔ እንጂ የሐኪሞች አይደለም።

አንድ ጉዞ ለሚበቃው ፈንጣጣ ጥሩ ምሳሌ ነው። በአገራችን የፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻ የተጀመረው በጥር 1963 ዓ.ም. ነበር። ዘማቾቹ በብዛት ነርሶች ሳይሆኑ የጤና ጥበቃ ባለሙያዎችና የውጭ አገር በጎ ፈቃደኞች ነበሩ፤ በእግርና በበቅሎ፥ አልፎ አልፎም በሄሊኮፕተር ተጓዙ። ክትባቱ ደርቆ የተዘጋጀ ስለ ነበር ሙቀት ቶሎ አያበላሸውም፤ መርፌውም ጫፉ እንደ መንሽ ለሁለት የተሰነጠቀ ሆኖ፥ ክንድ ላይ ዐሥራ አምስት ጊዜ ወጋ ወጋ ማድረግ ይበቃ ነበር። የተከተበውን ሰው ጠባሳው ይመሰክርለታል፤ ከታቢው ተመልሶ ባይመጣም ሥራው አይፈርስም። የመጨረሻው የኢትዮጵያ የፈንጣጣ ሕመምተኛ የተገኘው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ሲሆን፥ በዓመቱ በሶማልያ ከታየው አንድ ሰው በኋላ በሽታው በተፈጥሮ የያዘው ሰው በዓለም አልተገኘም።

የሥጋ ደዌ ግን ምልልስ የሚሻ በሽታ ነው። የቦሩ ሜዳ ሆስፒታልም በሚሲዮናውያን ሲቆም ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ተብሎ ነበር። ብዙ ሰው ይህ በሽታ ጣት የሚቈርጥ ይመስለዋል፤ እውነቱ ሌላ ነው። ተሐዋሲው የሚያጠቃው ነርቭን ስለ ሆነ እጅና እግር ይደነዝዛል። ከዚያ በኋላ ሰውየው ትኩስ ጀበና ሲይዝ አያቃጥለውም፤ እሾህ ሲወጋው አያመውም፤ ቁስሉን ስላላወቀው አያክመውም፤ ጣቱን የሚያሳጣው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1981 ወዲህ የዓለም ጤና ድርጅት ሁለት ሦስት መድኃኒት አዳብሎ መስጠትን ስለ ደነገገ ሕመሙ እንደ ዐይነቱ በስድስት ወይም በዐሥራ ሁለት ወር ይድናል። ከመድኃኒቱ አንዱ ክፍል በየወሩ በጤና ሠራተኛ ፊት የሚዋጥ ነው። እንግዲህ ሕመምተኛው ሩቅ ከሆነና የደዌውን ስም ፈርቶ ከተደበቀ፥ ነርሷ በየወሩ መሄድ አለባት። በሦስተኛው ወር ብትቀር በመጀመሪያውና በሁለተኛው የደከመችው ለከንቱ ሊሆን ይችላል። ደግሞም መድኃኒቱን አስውጣ ብቻ አትመለስም፤ እግሩን አገላብጣ አዲስ ቁስል መኖር አለመኖሩን ታያለች።

ከሁሉ ይልቅ የማውቀው የትራኮማን ነገር ነው፤ ምክንያቱም በአያቴ አይቼዋለሁ። የአማራ ክልል በትራኮማ እጅግ ከተጠቁት የዓለም ክፍሎች አንዱ ነው። በልጅነት በዝንብ፥ በእጅና በጨርቅ የሚጋባው በሽታ ተደጋግሞ ሲይዝ የሽፋሽፍቱን ውስጠኛ ክፍል ያጠብቀዋል፤ ከብዙ ዓመት በኋላ የዐይን ፀጉር ወደ ውስጥ ይታጠፍና ብሌኑን መፋቅ ይጀምራል። ሕፃናትን የሚያቅፉ እነርሱ ስለ ሆኑ ሴቶችን የበለጠ ይጐዳል።

አያቴ በኩታበር ገጠር ይኖራሉ። ለዓመታት መድኃኒታቸው ወረንጦ ነበር። ለዕረፍት በሄድሁ ቍጥር «ነይ ልጄ፥ አንቺ ዐይንሽ ጥሩ ነው» ብለው ፀሐይ ላይ ይቀመጡና እያንዳንዷን ፀጉር እነቅልላቸው ነበር። ለጥቂት ቀን ይቀላቸዋል፤ ከዚያ ተመልሳ የምትበቅለው ፀጉር አጭርና ደረቅ ስለ ሆነች የባሰ ትወጋለች። ሆስፒታል እንውሰድዎ ስንላቸው «ከብቱን ማን ሊያይ ነው?» ይሉ ነበር። በኋላ በገበያ ቀን፥ የዐይን ፀጉር የሚያስተካክሉ ነርሶች በቀበሌው ጤና ኬላ ይውላሉ የሚል ወሬ ተሰማ። ይህን ቀዶ ሕክምና በአገራችን የሚሠሩት የዐይን ሐኪሞች ብቻ አይደሉም፤ ለዚሁ ተለይተው የሠለጠኑ ነርሶችም ይሠሩታል። በየወረዳው የዐይን ሐኪም ይጠበቅ ቢባል የአያቴ ተራ በዕድሜያቸው ባልደረሰ ነበር።

እኔ ደግፌያቸው ስለ ሄድሁ ሁሉን አይቻለሁ። ነርሷ የእኔ ታላቅ እኅት ልትሆን የምትችል ልጅ ናት። አያቴ ከራስ እስከ እግሯ አዩዋትና፥

«ልጄ፥ ስንት ዐይን ቀደሻል?» ብለው ጠየቋት።

አልሳቀችም፤ አልተቈጣችምም። ደብተሯን ገልጣ ቈጠረችና ነገረቻቸው። «ደግሞ ሁሉንም ሄጄ አይቻቸዋለሁ፤ እማማ፥ አሁን ቀና ይበሉ፤ መርፌው ትንሽ ይቆነጥጥዎታል፤ ከዚያ በኋላ አያምዎትም» አለቻቸው።

ሽፋሽፍቱን አደንዝዛ፥ ከውስጥ በኩል ሰንጥቃ፥ ጠርዙ ወደ ውጭ እንዲገለበጥ አድርጋ ሰፋችው። ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀ። ዐይናቸው ታሽጎ ወደ ቤታችን ተመለስን፤ በማግሥቱ ተፈታ። የኔን አድናቆት ያተረፈው ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በሳምንቱ ነርሷ ክሩን ለማውጣት መጣች። ከወራት በኋላም ማንም ሳይጠራት ደብተሯን ይዛ ቤት ለቤት ዞረች። ለምን ቢሉ ከተሠራላቸው ሰዎች የአንዳንዶቹ ፀጉር እንደ ገና ሊታጠፍ ይችላልና ነው። የአያቴ ደኅና ነበር። የጐረቤታቸው ግን በአንድ በኩል ተመልሶ ስለ ታጠፈ ለሁለተኛ ጊዜ እንዲሠራላት ስሟን መዘገበች። ሴትዮዋ ነርሷ ባትመጣ ኖሮ ዳግመኛ ወረንጦዋን ታነሣ ነበር እንጂ ለማንም አቤት አትልም ነበር።

መንግሥት በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽንን ፕሮግራም ሲጀምር ያሰበው ይህንኑ ይመስለኛል። በአንድ ቀበሌ፥ ይኸውም ለአምስት ሺህ ያህል ሕዝብ፥ ዐሥረኛ ክፍል የጨረሱና ለአንድ ዓመት የሠለጠኑ ሁለት ሴቶች ይመደቡ ጀመር። ከሠላሳ ሺህ በላይ ሠልጥነዋል። እነዚህ ነርሶች አይደሉም፤ ነገር ግን ከመንደሩ ስለማይርቁ ምልልሱ ለነርሱ የዕለት ሥራ ነው። ተጓዥዋ ነርስ መጥታ የምትሠራውን እነርሱ ይጠብቁላታል፤ ስትመጣም የማን ቤት የት እንደ ሆነ የሚመሯት እነርሱ ናቸው።

በሙያው ውስጥ ከመንገድ የሚከብድ ነገር አለ። የሰባ ሰባቱን ድርቅ አያቶቻችን ሲያወሩ ሰምተናል። በዚያ ጊዜ ክሌር በርትሺንገር የምትባል የዓለም አቀፍ ቀይ መስቀል ነርስ በመቀሌ በሕፃናት መመገቢያ ጣቢያ ትሠራ ነበር። ከሺህ በላይ የተራቡ ሕፃናት ተሰልፈው ሳለ ቦታ ያለው ለስልሳ ወይም ለሰባ ብቻ ስለ ነበር፥ ማን እንደሚገባ የምትመርጠው እርሷ ነበረች። በኋላ ብዙ ሽልማት አገኘች፤ ነገር ግን ያ ምርጫ ለብዙ ዓመት ሕሊናዋን እንደ ረበሸው ራሷ ተናግራለች። እኔ ነርስነትን ሳስብ የማስበው ደምና መርፌ ነበር፤ መምረጥም ሥራው መሆኑን ያወቅሁት ይህን ካነበብሁ በኋላ ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ከሰሜን ወሎ የተፈናቀሉ ብዙ ሰዎች በደሴ ትምህርት ቤቶች ተጠልለው ነበር። ያን ጊዜ አንዲት ነርስ በአንድ የመማሪያ ክፍል ጥቁር ሰሌዳ ላይ፥ የሒሳብ ትምህርቱን ሳታጠፋ፥ ከጐኑ የሕመምተኞችን ስምና የመድኃኒት ሰዓት ጽፋ አይቻለሁ።

ስለ ኑሮዋ ለማወቅ፥ በሰፈራችን የምትኖር፥ ብዙ ዓመት ገጠር ለገጠር የዞረች ነርስ ጠየቅሁ። የምትይዘውን ስትነግረኝ ከመድኃኒቱ በፊት የጠቀሰችው ዱላ ነው፤ ለውሻ። ቀጥሎ ተጨማሪ ካልሲ፥ የእጅ ባትሪና ቆሎ። ክትባት ከያዘች በረዶ ያለበት ሣጥን ትሸከማለች፤ ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ካልተጠበቀ ስለሚበላሽ መንገድ ላይ ቡና ጠጪ ብለው ቢለምኗት እንኳ ብዙ አትቀመጥም። «ቡናቸውን እንቢ ማለት ግን ከመርፌው ይከብዳል» አለችኝ። ማደሪያዋ በጤና ኬላው ወይም በጤና ኤክስቴንሽኗ ቤት ነው። አበሉ የሚዘገይበት ጊዜ አለ። ከሁሉ የከፋባት ምን እንደ ሆነ ብጠይቃት፥ ከረጅም ዘመቻ ስትመለስ ትንሿ ልጇ አላውቅሽም ብላ ወደ አያቷ መሸሿ መሆኑን ነገረችኝ። ይህን ስትናገር ድምፅዋ ስለ ተለወጠ ሌላ ጥያቄ አልጨመርሁም።

አሁን ወደ ቤታችን ክርክር ልመለስ። እናቴ በሙያው ትስማማለች፤ የምትፈራው ደመወዙን ነው። አባቴ ግን «ሴት ልጅ ብቻዋን በማታውቀው አገር ልትዞር አይገባም፤ ካልሽም ሐኪም ሁኚና ሆስፒታል ተቀመጪ» ይላሉ። የአባቴ ሥጋት መሠረት የለውም አልልም፤ ነርሷም መንገዱ አያስፈራም አላለችኝም። እኔ የመለስሁላቸው በአያቴ ነው። ሐኪሙ ሆስፒታል ተቀምጦ ነበር፤ አያቴም ቤታቸው ተቀምጠው ነበር፤ በመካከል የአንድ ቀን መንገድ ነበር። አባቴ ለእናታቸው ዐይን የመጣችውን ልጅ አባት ማን ፈቀደለት ብለው እንዲያስቡ ነገርኋቸው። ዝም አሉ፤ ዝምታቸው እሺታ ይሁን እንቢታ ግን አላውቅም።

ትምህርቱ ሩቅ አይደለም፤ በወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ግቢ በዲግሪ፥ በደሴ ጤና ሳይንስ ኮሌጅም ከዲግሪ በታች ይሰጣል። የዲግሪ ተማሪዎች ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ማለፍ አለባቸው።

አባቴ ይህን ጽሑፍ ለአዘጋጆቹ ከመስጠቴ በፊት አነበቡት። ስለ ናይቲንጌልም ስለ ጐንደርም ምንም አላሉም። የጠየቁኝ ድልድይ የሌለው ወንዝ በክረምት ሲሞላ ነርሷ በየት በኩል እንደምትሻገር ነው። ይህን ስላልጠየቅኋት በማግሥቱ ሄጄ ጠየቅኋት። አትሻገርም፤ ውሃው እስኪጐድል ባለችበት ማዶ ትጠብቃለች፤ አንድ ጊዜ አራት ቀን ጠብቃለች። ይህንኑ ለአባቴ ነገርኋቸው።